ምሳው የት ይሁን

እንግዳው ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ ሽማግሌው መሐንዲስ ፈገግ ብለው፣ "አዎ፣ ሁለት ምድር ቤት ይኖረዋል" አሉ።

ስለ ምድር ቤት የጠየቃቸው ግን አልነበረም። እንግዳው የጠየቁት አዲሱ ሆስፒታል እስኪሠራ ድረስ በአሮጌው ሕንፃ የተኙት ሕሙማን የት እንደሚቆዩ ነበር። የእንግዳው ረዳት ብዕሯን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ባንኮኒው ጋ የጭማቂ መፍጫው ያጓራል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጎል ገባ መሰል፣ ጥግ ያሉት ኳስ ተመልካቾች ቤቱን በጩኸት አናጉት።

ሽማግሌው ማዶ የተቀመጠችውን ወጣቷን መሐንዲስ ቀና ብለው አዩዋት። ያቺን አስተያየት ታውቃታለች። ቢሮ ውስጥ እንዲያ ሲያዩዋት በግራ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ እንዲህ ነው ያሉት" ትላቸዋለች። ቀኙ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጨርሶ አይሰማም፤ ግራውም ጫጫታ ካለ ይደናገረዋል። ይህን ከሚስታቸው ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

አቀርቅራ ዓሣዋን መቆራረጥ ጀመረች።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት እንግዳው።

"ሕሙማኑን አስቀድመን ወደ ምሥራቁ ክፍል እናዛውራለን" አለች። "እሱ ሳይዘጋጅ አንድ ግድግዳ አይፈርስም። አንድም ሰው ዝናብ አይመታውም።"

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረዳቷ ጻፈች። የቢሮው ሥራ አስኪያጅ በደስታ ጥርሱን መክደን አቃተው። ሐሳቡ የሽማግሌው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሣሉት እሳቸው ናቸው።

የምሳውን ቦታ እንድትመርጥ ያዘዛት ሥራ አስኪያጁ ነው። "የሆስፒታሉን ሥራ ማን እንደሚመራው እንግዳችን በምሳው ላይ ይወስናሉ፤ ጥሩ ቤት ፈልጊ" ብሏት ሦስት ቤቶች አየች። አንደኛው ወለሉ ምንጣፍ፣ መጋረጃው ወፍራም፣ ሹካ ቢወድቅ የሚሰማበት ነበር። ሁለተኛው ጠረጴዛዎቹ ተራርቀው የተቀመጡበት የአትክልት ቦታ። ሦስተኛው ይሄ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወትና ሸክላ የሆነው፣ ቢራውም ኳሱም የማይቋረጥበት። ለራሷ ያልሰጠችው ምክንያት የለም፦ ለቢሮ ይቀርባል፣ መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ዓሣው ይጣፍጣል። ወንበር ስታደላድልም የሽማግሌውን ቀኝ ጎን ለእንግዳው ሰጥታ፣ እሷ ከማዶ ተቀመጠች።

ሽማግሌው እጄን ልታጠብ ብለው ተነሡ። ትንሽ ቆይታ ተከተለቻቸው።

ወፍራሙ የመስታወት በር ከኋላዋ ሲዘጋ ጫጫታው ድርግም አለ። ጠባብ ኮሪደር ነው። ሽማግሌው እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ ቆመዋል።

"ለመሆኑ ምን ነበር የጠየቁኝ?"

"ሕሙማኑ የት ይቆያሉ ነው ያሉት፣ ጋሼ።"

"ወይ ጉድ!" ሳቃቸው መጣ። "እኔ ደሞ ምድር ቤት ይዣቸው ወረድኩ! አንቺ ምን አልሻቸው?"

"ምሥራቁን ክፍል... የእርስዎን ሐሳብ።"

"ጎሽ፣ ልጄ። ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "ሥራ አስኪያጃችንን ግን ቀልብ ይስጠው። ይሄ ሥራ የሚወራበት ቤት ነው? ቦታውን አንቺ ብትመርጪው ኖሮ እዚህ ባላመጣሽን።"

ፊቷ ነደደ። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ዝም ልትልም ነበር፤ ግን እጃቸው ገና ከትከሻዋ አልወረደም።

"እኔ ነኝ የመረጥኩት።"

"እ?"

"ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሆን ብዬ ነው። እንዳይሰማዎት።"

ይህንን ሰሟት። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። መሐረባቸውን አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት፤ ኪሳቸው ከተቱት።

"መጥተሽ አይተሽው ነበር?"

"አዎ።"

"በስንት ሰዓት?"

"ትናንት። በሰባት ሰዓት።"

"በምሳ ሰዓት።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደግ አድርገሻል። ቦታ የሚታየው ሰው በሚገባበት ሰዓት ነው ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

ቢሰድቧት፣ ቢጮኹባት በተሻላት። እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። "አሁኑኑ ገብቼ ሐሳቡ የጋሼ ነው እላቸዋለሁ። የተሳሳቱትም ጥያቄው ስላልተሰማቸው ነው ብዬ—"

"ምን ልትያቸው? መሐንዲሱ ደንቆሮ ነው ልትያቸው?" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "እሱን ሚስቴና አንቺ ብቻ ናችሁ የምታውቁት። ተይው፣ እንደዚያው ይሁን።"

አንድ አስተናጋጅ ሳህን ተሸክሞ ይቅርታ እያለ በመካከላቸው አለፈ።

"ግቢ በይ" አሉ። "ይጠብቁሻል።"

ልጄ አላሏትም። ወደ በሩ ዞረች፤ መግባት ግን አልቻለችም። በመስታወቱ ውስጥ ጠረጴዛቸው ይታያል። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያወናጨፈ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንግዳው አንድ ነገር ጣል አደረጉና ረዳቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ሁሉም አብረው ሳቁ። ትንፍሽ እንኳ አይሰማም። ምን እንዳሳቃቸው ከከንፈራቸው ለማንበብ ዐይኗን አጥብባ ብዙ ሞከረች።