አርባውም አሉ

ማኒቫን የድስቱን ክዳን ስታነሳ ከእንፋሎቱ ውስጥ ቁጥር አሥራ ሰባት ብቅ አለ። ከሥሩ አራት ቁጥር፣ ከጎኑ ሠላሳ ሁለት። በገዛ እጇ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም የጻፈችባቸው፣ ሥጋቸው የሚበላ የባሕር ዛጎሎች ከዝንጅብልና ከሎሚ ሣር ጋር ይንተከተካሉ።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ደግሞ አነሳችው።

«አትክፈቺው፣ እንፋሎቱ ይወጣል» አሉ ናናይ ፔሊንግ ከኋላዋ። ሩዝ እያጠቡ ነበር። የመንደሩ ሰው ለእናቶች ሁሉ «ናናይ» ይላል፤ ማኒቫን ግን እቤታቸው ተከራይታ ስምንት ወር ኖራለችና ስትጠራቸው ከልቧ ነው። «እጅሽን ታጠቢና ቁጭ በይ። ምነው ፊትሽ እንዲህ ገረጣ?»

ቢገረጣ አይፈረድበትም። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጣቷ ስትቆፍር ቆይታ አንድ ዛጎል እንኳ ሳታገኝ ነው የተመለሰችው። ባሕር ከሌላት ከላኦስ ተነስታ ፊሊፒንስ ድረስ የመጣችው በነፃ የትምህርት ዕድል የባሕር ሕይወት ልታጠና ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏም በእነዚህ አርባ ዛጎሎች ላይ ነው። በየወሩ ታወጣቸዋለች፣ ርዝመታቸውን ለክታ ትመዘግባለች፣ በነበሩበት መልሳ ትቀብራቸዋለች። የመጨረሻው ልኬት ዛሬ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷ ዓርብ ያልቃል፤ ያለ ዛሬው ቁጥር ደግሞ ምረቃ የለም።

«ናናይ… ዛጎሎቹን ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! ያንቺው አይደሉ? ምልክት አድርገሽባቸው የለ!»

በዚህ ዳርቻ ነገሩ እንዲህ ነው። ኮኮናት ላይ ቅጠል ያሰረ፣ የዓሣ ወጥመዱ ላይ ቀይ ክር የቋጠረ ሰው ንብረቱን አስከበረ፤ ማንም አይነካበትም። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ዛጎል ለቀማ ይወጣሉ፤ ቀለም የተቀባውን ግን አልፈውት ይሄዳሉ። ይህን ማኒቫን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታውቃለች። ያልታሰባት ነገር መንደሩ ሁሉ መቼ ትበላቸው ይሆን እያለ ሲጠብቅ መኖሩ ነው።

«እያወጣሽ ስትለኪያቸው፣ ደረሱ አልደረሱ እያልሽ መስሎኝ» አሉ ናናይ። «እንግዲህ ዓርብ ልትሄጂ ነው። ሳትቀምሻቸው? ማታ ደግሞ ሳል ሲያጣድፍሽ ነው ያደረው። ልጅቷ ትረፍ ብዬ ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ለቀምኩልሽ። አርባውም አሉ። ካላመንሽኝ ቁጠሪ።»

ማኒቫን ዱካው ላይ ቁጭ አለች። መቆጣት ፈለገች፤ ለቁጣ የሚበቃ አቅም ግን አልተረፋትም። ሳታስበው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ዛሬ መለካት ነበረብኝ፣ ናናይ። ያለሱ አልመረቅም። በቃ፣ አለቀልኝ።»

ናናይ ፔሊንግ ሩዙን ትተው እርጥብ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«የምትለኪው ሥጋውን ነው?»

«አይ። ዛጎሉን።»

«ታዲያ ይኸው ዛጎሉ! ቀቀልኩት እንጂ አላሳጠርኩት!»

ማኒቫን ቀና ብላ አየቻቸው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተመላልሳ ይህን ማሰብ አቅቷት ነበር። ሳቋ ከሳሏ ጋር ተደባልቆ መጣ። ከቦርሳዋ መለኪያዋንና ደብተሯን አወጣች።

ናናይ በጭልፋ እያወጡ ቁጥሩን ይጠራሉ፣ እሷ ትለካለች፣ ትጽፋለች። የተለካውን ናናይ ሥጋውን ፈልቅቀው ሳህኗ ላይ ያኖሩላታል። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።» በላች። ይጣፍጣል። ስምንት ወር ሙሉ ያጠናችውን ነገር ጣዕሙን እንኳ አታውቅም ነበር።

«ግን አንድም አለመጥፋቱ አይገርምም፣ ናናይ?» አለች ሃያውን ስታልፍ። «ፕሮፌሰሬንም እኮ ገርሟቸዋል።»

«ምኑ ይገርማል? የእኛዎቹስ ያከብራሉ፤ የወዲያ ማዶ መንደር ሴቶች ግን ለቀለም መች ደንታ አላቸው! አንቺ ዩኒቨርሲቲ ስትውዪ፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ጃንጥላዬን ይዤ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለቴማ በጃንጥላው አቅምሻቸዋለሁ!» ሳቁ። «ሃያ ሦስት! ያዢ፣ ይቺ ወፍራም ናት።»

ማኒቫን ሃያ ሦስትን ያዘች፣ አልለካችም ግን። ስለዚሁ ነገር ሁለት ገጽ ጽፋለች። ሰው በየቀኑ በሚቆፍረውና በሚረግጠው አሸዋ ላይ ከአርባው አርባውም መትረፋቸው፣ ይህ ዝርያ ከሚታሰበው በላይ ብርቱ ለመሆኑ ምልክት ነው ብላለች። ከጽሑፉ ሁሉ ፕሮፌሰሯ የወደዱት እሱን ነው፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ዓርብ ትሄዳለች። ናናይ የመመረቂያ ጽሑፍ አያነቡም። ደግሞ ደክሟታል፤ አጥንቷ ድረስ ደክሟታል። ሁለቱን ገጾች እንደገና መጻፍ ማለት እስከ ዓርብ እንቅልፍ የለም ማለት ነው።

«ምነው፣ ጨው በዛ?» አሉ ናናይ።

«አልበዛም። ጥሩ ነው።»

ሃያ ሦስትን ለክታ መዘገበች። ከዚያ ረቂቋን ከቦርሳዋ ጎትታ አወጣች፤ በሾርባ የራሰ ጣቷ ወረቀቱን አወዛው። የተሰመረበትን ገጽ ፈልጋ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው፣ ቀጣዩንም እንዲሁ። ከታች በቀረችው ባዶ ቦታ በእስክሪብቶዋ ጻፈች፦

«ሳይጠፉ የቆዩበት ምክንያት፦ ናናይ ፔሊንግ፣ ከነጃንጥላቸው።»