የቅጠሉ ጠብታ

የቅጠሉ ጭማቂ ጠብ ሲል ትርፊት ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። ገና ካልተፈለፈለ ጫጩት የተወሰደችው የልብ ቁራሽ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጠው፣ በፋኖስ በሚሞቀው ሣጥን ውስጥ ብቻዋን ስትመታ አድራለች። አሁን ዘገየች። አንዴ መታች፤ ቆየች፤ ደግሞ መታች። ከዚያ ቆመች።

«ቆመች?» አለ ዶክተር አክሊሉ ከኋላዋ።

«ቆመች።»

«ሠራ በይኛ!» አጨበጨበ። የአካባቢው የሌሞ ሰው ልቡ ትር ትር ስትልበት ይህን ቅጠል ከጎመን ጋር ቀቅሎ እንደሚበላ ከሰማ ወዲህ፣ የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት አገኛለሁ ብሎ የሆሳዕናን ገበያ እንቁላል አስወድዷል። ጃንሆይ ውጭ አገር ልከው ያስተማሩት ሰው ደስ ሲለው ልክ እንደ ሕፃን ነው።

ረዳቱ ትርፊት ግን ዓይኗን ከቆመችው ቁራሽ አልነቀለችም። ቅጠሉን ከአማቷ ጓሮ ቆርጣ ያመጣችለት እሷው ናት። ማታ ማታ በቆጮ የምትበላውም እሷው ናት። «ብዪ፣ ፅንስ ያጠናል» ይሏታል አማቷ እማማ ወርቅዬ። ሁለቴ ወርዶባታል። የአሁኑን፣ አምስት ወር የሞላውን፣ የሰው ዓይን ፈርታ በሰፊው ጋውን ሸፍና ከአማቷ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያሏትም እማማ ወርቅዬ ናቸው።

ከጠዋት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ይህን ያስተዋለችው ገና አሁን ነው።

«ዶክተር...»

«ምነው? ላብ በላብ ሆንሽ እኮ!»

«እኔም በልቼዋለሁ። ትናንትም፣ ከዚያ በፊትም።» ጋውኑን ሆዷ ላይ ሳብ አድርጋ አጣበቀችው። «ብቻዬንም አልበላሁት።»

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። «ጋደም በይ» ብቻ አላት።

የእንጨቱን ማዳመጫ ሆዷ ላይ ተክሎ ጆሮውን ደገነ። ቦታ ለወጠ። ደግሞ ለወጠ። ትርፊት ልትጸልይ ብትሞክር «ጌታዬ» ከሚለው ቃል ማለፍ አቃታት። ፊቱን ለማየት አልደፈረችም፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያረፈውን ጣቱን ብቻ ታያለች። ጣቱ አይንቀሳቀስም።

ከዚያ ጣቱ፣ ጆሮው የሚሰማውን ተከትሎ፣ ጠረጴዛውን መታ። ደግሞ መታ። ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ።