በአባት ትከሻ ላይ ያረፈው እጅ

ፎቶ አንሺው ፖስታውን ለእህቱ ሲያቀብል ዓይኑን ሰብሮ ነበር። አባቱ ከሌላ ሴት የወለዷት፣ ከቤተሰቡ ጋር ከተቀላቀለች ዓመት ያልሞላት ታናሹ ናት። ፎቶውን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። አባት መሃል ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ ልጆቻቸው ከጎናቸው ቆመዋል። ከእሷ የገባው ግን አባቷ ትከሻ ላይ ያረፈው እጇ ብቻ ነው፤ ለዚያ ቀን ብላ ያሰረችው ሰዓት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ልጠጋ ወይ ብዬህ ነበርኮ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ካሜራው ነው» አለ እሱ። «የዚህ ካሜራ ማያ፣ ዓይኔን የማስጠጋበት መስኮት፣ ከሌንሱ ለብቻው ነው። በማያው ሁላችሁም ትታዩኛላችሁ፤ ይሄ ረዘም ያለው ሌንስ ግን የሚያነሳው ማያው መሃል ላይ በተሰመረችው ትንሽ ፍሬም ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።» የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዲት ቃል አልዋሸም።

እህቱ ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሰችና ክንዱን ዳበስ አደረገችው። «በቃ፣ የማሽን ነገር ነው። ምን ታደርግ፣ ወንድም ጋሼ።»

እንዲህ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሁሉንም የሚያስገባው አጭሩ ሌንስ ያን ቀን ኮት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ መቀየሩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የፍሬሟ ነጭ መስመር በእጇና በፊቷ መካከል ስታልፍም አይቷል። አይቶ ነው «እዚያው ሁኚ» ያላት።