እንብላ ያላሉን ሰዎች

በፈረንጅ 1996፣ ሰመር ላይ፣ ብፅዓት ሊጠይቋት ከአዲስ አበባ የመጡትን እናቷን ለንደን ውስጥ ከምትኖርበት ከቶተንሃም በአውቶቡስ ይዛ፣ የጥንት ቤቶች ሜዳ ላይ ቆመው ወደሚታዩበት ሙዚየም ወሰደቻቸው። ከፊንላንድ ከነዕቃው ተነቅሎ የመጣ የገበሬ ቤት ገቡ። ከሰም የተሠሩ ባላገሮች የእንጨት ማንኪያ ይዘው ገበታው ላይ አቀርቅረዋል።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? እንግዳ ሲገባ እንብላ እንኳ አይሉም» አሉ እናቷ። ብፅዓት ሳቀች።

ጓዳውን አይተው ሲመለሱ መውጫው በዚያው ክፍል ነበር። አሁን ግን ያቀረቀረ የለም። ሁሉም ወደ ጓዳው በር ዞረው ያዩዋቸዋል። አግዳሚው ወንበር ላይም ጠጋ ጠጋ ብለው ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀዋል።

የእናቷ ጣቶች ክንዷን ጨመቁት። «በልተናል በያቸው፣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ።

«በልተናል፣ እግዜር ይስጥልን» አለች ብፅዓት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እናቷን ደግፋ በጎናቸው አለፈችና የበሩን እጀታ ያዘች።

ያን ጊዜ ከኋላዋ፣ ከገበታው ራስ፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ እንደ ደግ አባወራ ለስለስ ብሎ፣

«በሞቴ» አለ።