ወይዘሪት ለምን እና ባዶው መደብ

«ውጪ! አውቶቡሱ ጋ ሄደሽ ተቀመጪ!»

መምህሩ ጮኸ... ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ልጅቷን ክፍል ውስጥ «ወይዘሪት ለምን» ነው የሚሏት። ጥያቄ አያልቅባትማ!

ለጉብኝት በመጡበት የዕፅዋት ማዕከል ሁሉም መደብ ለምለም ነው... አንዱ ብቻ ባዶ። አፈርና ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ ባለ ሦስት ጣት፣ ዳር ዳሩ ቀይ የሆነ ቅጠል ተስሏል።

«ይቺ ተክል ከጠፋችብን ቆየች፤ ዘሯን ያልፈለግንበት የለም» አለች አስጎብኚዋ።

«ታዲያ ሰሌዳውን ለምን አላነሳችሁትም?»

የመምህሩ ትዕግሥት ያለቀው እዚህ ጋ ነው።

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም? ዛሬ አንድ ጥያቄ ብትደግሚ፣ ሁለተኛ ጉብኝት የሚባል ነገር አታዪም!»

አንገቷን ደፍታ ወጣች።

አውቶቡሱ አጠገብ የግቢው ዘበኛ አጥር ሥር ጎንበስ ብለው አረም ይነቅላሉ። እያለቀሰች ስታያቸው... በድንገት ጮኸች።

«አባባ! እሷን አይንቀሏት!»

«አረም እኮ ናት የኔ ልጅ! በነቀልኳት ቁጥር ትበቅላለች። ግትር ናት!»

አጥሩ ሥር ካለው የአስፋልት ስንጥቅ ብቅ ያለች ቅጠል... ባለ ሦስት ጣት። ዳር ዳሯ ቀይ!

ሰሌዳው ላይ የተሳለችው!

ይሄኔ ክፍሉ በሙሉ ተመለሰ። አስጎብኚዋ ልትሰናበታቸው አብራ መጥታ፣ «ጥያቄ ያለው አለ?» አለች።



ወይዘሪት ለምን መምህሩን አየች። አፏን ብትከፍት ጉብኝት ቀረ። ዝም ብትል... የዘበኛው እጅ ቅጠሏ ላይ ነው።

እጇን አወጣች። መምህሩ አፈጠጠባት።

«ለምን... ለምንድነው የጠፋችው ተክል እዚህ የበቀለችው?»

አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ ቀረበች... ጎንበስ አለች... ፈገግታዋ ጠፋ። ወዲያው ስልክ ደወለች።

የማዕከሉ ኃላፊ፣ ትልቅ ሴትዮ፣ እየሮጡ መጥተው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ።

«ናት! ራሷ ናት!»

ግቢው በጩኸትና በጭብጨባ ተናጋ! ዘበኛው ጭንቅላታቸውን ያዙ፤ «ወይ ጉዴ! ስንቴ ነቀልኳት!»

«ማን ነው ያገኛት?» አሉ ኃላፊዋ።

«ወይዘሪት ለምን!!!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ። አሁን ማንም አልሳቀባትም።

አስጎብኚዋ ቅድም ስለ ሰሌዳው የጠየቀችውን ስትነግራቸው፣ ኃላፊዋ ልጅቷን አቀፏት።

«ሰሌዳውን ያላነሳነው፣ አንድ ቀን ሥዕሉን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ይመጣል ብለን ነው። ስንቱ አይቶ አለፈ መሰለሽ! ስንጠብቅ የነበረው አንቺን ነው።»

መምህሩስ? ጉሮሮውን ጠረገ... ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳው።

«የሚቀጥለው ጉብኝት ላይ ፊት ወንበር የእሷ ነው!»

ወዳጆቼ... ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው። ግን አይበቅልምም!

ልጅ ሲጠይቃችሁ አትቆጡት። መልሱን ካላወቃችሁት «አላውቅም» በሉ፤ በዚህ የሞተ ሰው የለም።

እስቲ እናንተ... በልጅነታችሁ «ዝም በል»፣ «ዝም በይ» ተብላችሁ የዋጣችሁት ጥያቄ ምን ነበር? ኮሜንት ላይ አውጡት፤ ዛሬ የሚቆጣ መምህር የለም!