ቀዩ አውራ ዶሮ

ጎረቤቷ ዓዲላ እንደ ወትሮው ልትጠይቃቸው ወደ ግቢው ስትገባ የልጅቷ እናት ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። «ደግሞ ምን ቀርቶሽ መጣሽ?» አለቻት። ዓዲላ በቀደም ልጅቷ ከሰንበቴ ገበያ ያመጣችውን ቀይ አውራ ዶሮ አይታ «ይሄስ ወይፈን ነው» ስትል ከዓይን የሚጠብቀውን «ማሻአላህ» አላለችም ነበር፤ የቤቱ ዶሮዎችም ከዚያ ወዲህ ታመሙ።

ልጅቷ ግን እውነቱን ታውቃለች። አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ሳይቀላቀል ለብቻው መሰንበት እንዳለበት ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ለብቻው ታስሮ ሲጮህ ግን ስለሰለቻት ገመዱን በዚያው ባመጣችው ቀን ፈትታ ከሌሎቹ ጋር ለቀቀችውና ለእናቷ «ጤነኛ ነው፣ አይቼዋለሁ» አለቻት።

ዓዲላ አጥሩ ስር የተኛችውን ዶሮ አንስታ የተዘረጋ ክንፏን ሰበሰበችላት። «ወላሂ ክፉ አላሰብኩም። ግን ሳላውቀው ዓይኔ ነክቷቸው ይሆናል፤ አፉ በይኝ» አለች።

ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት አውራ ዶሮው ከኋላዋ አስነጠሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናትየው።

ልጅቷ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እሷ ያስነጠሰች ይመስል።

ዓዲላ የታመመችውን ዶሮ እንዳቀፈች ቀና አለች። «የርሐሙኪላህ ልጄ፤ አላህ ይዘንልሽ።»