የአባታቸው መጥረቢያ

አቶ ሀይሉ፣ መርሳ ከተማ ላይ ወደተከፈተው አዲስ ሆቴል ገብተው ቀና ሲሉ ደማቸው ፈላ። ከየገበያው ከሰበሰቧቸው አሮጌ መጥረቢያዎች ሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት የአባታቸው መጥረቢያ፣ ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤታቸው ኪሩቤል ለሰርግ እንጨት መፍለጫ ተውሶ «ጠፋብኝ» ያላቸው ነበር።

«ይሄን ማን ሰጣችሁ?» ብለው ጮኹ።

«ኪሩቤል ነው ለጌጥ ያመጣልን፣ አባባ» አለች አስተናጋጇ ደንግጣ።

ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱትና ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ። እዚያ የተጋደመ የግራር ግንድ ላይ ቢያሳርፉት ነጥሮ ተመለሰ። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ዱልዱም ሆኗል።

«ሰው እንዳይቆርጥ ብለን በሞረድ አደነዘዝነው» አለች ተከትላቸው የወጣችው አስተናጋጅ።

አቶ ሀይሉ ግንዱ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባቴ ሰባት ልጅ ያሳደጉበትን ስለት! በይ ያንን ሞረድ አምጪው። እስኪቆርጥ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»